የሰፈራችሁ ችግር የማን ነው? በአዲስ አበባ ትክክለኛውን መሥሪያ ቤት አግኝቶ ጉዳይ የማስፈጸም መመሪያ

«ቱቦው ተደፍኖ ጎርፍ ቤታችን እየገባ ነው፣ ለማን እንናገር?» «የመንገድ መብራቱ ከጠፋ ቆየ፤ ወረዳ ሄድን፣ አይመለከተንም አሉን።» «ቆሻሻ የሚያነሳ ጠፋ።» ጥያቄው ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ የማይመለከተውን በር ሲያንኳኳ ከርሟል። በየጊዜው በስልክ ከማስረዳ ብዬ ደረጃ በደረጃ ጻፍኩት።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙ። አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞችና ከመቶ በላይ ወረዳዎች አሏት። ወረዳው ለእናንተ በጣም ቅርቡ በር ነው፤ ግን ደጃችሁ ላይ ከምታዩት ነገር አብዛኛው የእሱ ንብረት አይደለም። አስፋልቱ፣ ዲቹ፣ የመብራት ምሰሶው፣ ከመሬት በታች ያለው የፍሳሽ መስመር፣ ሁሉም የየራሱ ባለቤት አለው። አንዱ ለከተማው አስተዳደር ተጠሪ ነው፣ ሌላው ለፌዴራል መንግሥት። ስለዚህ ሥራችሁ ሁለት ነው፤ መጀመሪያ ባለቤቱን መለየት፣ ከዚያ ጥያቄውን በወረቀት ማስያዝ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራና ካርታ ያለው ስልክ። ቦታውን በጉግል ማፕ ላይ ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡት።
- የቅርብ ጊዜ የውሃና የመብራት ቢል። የሚፈለገው የደንበኛ ቁጥሩ ነው።
- የነዋሪነት መታወቂያ ኮፒ።
- አንድ ደብተር። ማንን መቼ እንዳነጋገራችሁ የምትጽፉበት።
- ክላሰር። ወረቀት በኪስ ታጥፎ ሲዞር ማህተሙ ይጠፋል።
- አብረዋችሁ የሚፈርሙ ጎረቤቶች። የሰፈር ኮሚቴ ወይም እድር ካለ ደብዳቤው በእነሱ ስም ቢወጣ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ችግሩን ወደ አንድ ነገር አጥብቡ

«ሰፈራችን ተረስቷል» የሚል አቤቱታ የሚሄድበት ዴስክ የለም። መንገድ፣ ውሃ፣ መብራትና ቆሻሻ በአንድ ደብዳቤ ከተጻፉ የሚቀበላችሁ ሰው ሩቡ ብቻ ይመለከተዋል። እሱም ደብዳቤውን ለሌላ ይመራዋል፤ የተመራለትም ሩቡን ብቻ ያያል። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ የተበላሸ ነገር፣ አንድ ቦታ። አራት ችግር ካላችሁ አራት ደብዳቤ ጻፉ። አሰልቺ ነው፤ ግን የሚሠራው ይኸኛው ነው።

ደረጃ 2፦ ወሰኑን አጣሩ

ይህን የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው። ሁለት ወሰን አለ።

አንደኛው የከተማው ወሰን ነው። አዲስ አበባን ዙሪያዋን የከበባት በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሥር የተዋቀረው ሸገር ከተማ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ኮዬ ፈጬ የሸገር ናቸው። በአንድ ታክሲ ጉዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ፤ ጉዳዩ ግን አብሯችሁ አይሻገርም። ጫፍ ላይ ያለ ሰፈር ውስጥ ከሆናችሁ መታወቂያ የሚሰጣችሁ የትኛው ወረዳ እንደሆነ አጣሩ። ቤት የተከራየ ሰው አከራዩ የነገረውን ሰፈር ብቻ ይዞ ቢሄድ ቀኑን ያቃጥላል።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንዳንዱ ችግር ሁለት አስተዳደሮችን ስለሚነካ በአንዱ ውሳኔ አያልቅም። የአዲስ አበባን ውሃ የሚሰጡት የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች ከከተማዋ ወሰን ውጪ ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ለነዋሪው ራስን የማስተዳደር መብት ይሰጣል፤ በዚያው አንቀጽ ላይ ደግሞ ኦሮሚያ ከአገልግሎትና ከተፈጥሮ ሀብት ጋር በተያያዘ ያላት ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ይላል። የሰንዳፋ ቆሻሻ ማስወገጃን አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆመ። ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2009 ረጲ ላይ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ጉዳያችሁ ወሰን የሚያቋርጥ ከሆነ ወረዳው ላይ መቆጣት ዋጋ የለውም። ከጅምሩ ለከተማ አስተዳደሩ ጻፉ፤ መልሱም እንደሚዘገይ ዕወቁ።

ሁለተኛው ወሰን የግቢ አጥር ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የግቢው መብራትና የግቢው ቱቦ የጋራ ንብረት ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ይህን የሚያስተዳድረው የባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ከበሩ ውጪ ያለው የከተማው፣ ከበሩ ውስጥ ያለው የእናንተ። ውጭ አገር ሆነው ቤታቸውን ያከራዩ ወገኖችም ወጪው ይመለከታቸዋል፤ ወኪላቸው የማኅበሩን መዋጮ መክፈሉን ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ባለቤቱን ለዩ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

ቱቦና ፍሳሽ። ሰው በጣም የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ዲችና ቱቦ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። የሽንት ቤትና የወጥ ቤት ፍሳሽ የሚሄድበት መስመር ግን የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ሁለቱም ማንሆል አላቸው፣ ሁለቱም ሲሞሉ መንገድ ላይ ይፈሳሉ። እንዲህ ለዩዋቸው፦

- ውሃው የሚወጣው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ከሆነና ጭቃና ፕላስቲክ ካለበት፣ የተዘጋው የዝናብ ቱቦ ነው። መንገዶች ባለሥልጣን።
- በደረቅ ወር ከማንሆል ክዳን ሥር እየገነፈለ የሚሸት ከሆነ የፍሳሽ መስመር ነው። ውሃና ፍሳሽ።
- በደረቅ ወር በክፍት ዲች ውስጥ ጥቁር የሚሸት ውሃ የሚሄድ ከሆነ አንድ ሰው ሽንት ቤቱን ከዝናብ ቱቦው ጋር አገናኝቷል ማለት ነው። ይህ ጥፋት እንጂ ብልሽት አይደለም። ለወረዳው ደንብ ማስከበር አመልክቱ፤ ለመንገዶች ባለሥልጣን ግልባጭ ስጡ። ቱቦው ቢጸዳም ግንኙነቱ ካልተቆረጠ ሽታው አይጠፋም።

የማንሆሉ ክዳን ላይ ጽሑፍ ካለ አንብቡት፣ ፎቶ አንሱት። የቴሌ ማንሆል የሆነውን ይዘው ውሃና ፍሳሽ የሚሄዱ ሰዎች አሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማንሆል ራሳችሁ አትክፈቱ፣ ወደ ውስጥም አትግቡ። ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ በደቂቃ ውስጥ ሰው ይጥላል። ለማዳን ተከትሎ የሚገባውም ይወድቃል። ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ካያችሁ ሰው እንዳይገባበት ምልክት አቁሙና ደውሉ።

መብራት። ቤታችሁም መንገዱም ከጨለመ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ይህ የፌዴራል ተቋም ነው። ቤታችሁ እየበራ የመንገድ አምፖሉ ብቻ ከጠፋ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ምሰሶው ካዘመመ ወይም ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ወረዳው የፌዴራል ተቋምን ማዘዝ አይችልም፤ የድጋፍ ደብዳቤ ግን ሊጽፍላችሁ ይችላል። እሱን ጠይቁ እንጂ አምፖል አትጠይቁት።

ውሃ። ውሃ ሲጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተሰበረ ወይስ ፈረቃ ነው?» ነው። የጎረቤት እያለ የእናንተ ብቻ ከጠፋ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከቆጣሪ አካባቢ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከጠፋ ፈረቃውን ጠይቁ። ውሃው ከየት መስመር እንደሚመጣም ጠይቁ። የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ በፓምፕ ስለሚገፋ መብራት ሲቋረጥ ውሃውም ይቋረጣል፤ ስለዚህ የውሃ አቤቱታችሁ መነሻው የመብራት ችግር ሊሆን ይችላል። የባለሥልጣኑ ቅርንጫፎች ከክፍለ ከተሞች ጋር አንድ ለአንድ አይገጥሙም፤ ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ፣ መካኒሳ የሚባሉ ቅርንጫፎች አሉ። የደንበኛ ቁጥራችሁን ስትነግሩ የእናንተው የትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

መንገድ። አስፋልት የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ብዙ ጊዜ ከወረዳና ከክፍለ ከተማ ይጀምራል። ሥራ እየተካሄደበት ያለ መንገድ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሰሌዳውን ፈልጉ። በየፕሮጀክቱ ዳር የሚቆመው ትልቁ ሰሌዳ ላይ አሠሪው፣ አማካሪውና ሥራ ተቋራጩ ተጽፈዋል። ርክክብ እስኪፈጸም ድረስ ተቋራጩ ተጠያቂ ነው፤ ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ጉድለቱን በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ይህ ጊዜ ሳያልቅ ብትጽፉ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። ሰሌዳውን ፎቶ አንሱት፤ ሥራው ሲያልቅ ይነቀላል።

ቆሻሻ። ከቤት ወደ ገንዳ የሚያመጡት በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች ናቸው፤ የሚቆጣጠራቸው የወረዳው ጽዳት አስተዳደር ነው። እዚህ ላይ ወረዳው እውነተኛ ባለቤት ስለሆነ በቀጥታ እሱ ጋ ሂዱ። የቆሻሻ ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ነው የሚሰበሰበው። ስለዚህ ቢሉን ይዛችሁ ቅረቡ፤ «እየከፈልን ነው» ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በር ላይ ተጨማሪ ብር የሚጠይቅ ካለ ደረሰኝ ጠይቁት።

የቀረው አጭር ነው። የትራፊክ መብራትና ፓርኪንግ የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ የሚገነባ ቤት የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ነው። የቀበሌ ቤት ጥገና በወረዳው ቤቶች አስተዳደር በኩል ይሄዳል፤ ቤቱ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ከሆነ ግን ወረዳው አያገባውም።

ደረጃ 4፦ አደጋ ከሆነ ደውሉ፣ ጥያቄ ከሆነ ጻፉ

ለመብራት 905፣ ለውሃና ፍሳሽ 906፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። የተበጠሰ ሽቦ፣ የፈነዳ የውሃ መስመር፣ ጎርፍ የገባበት ቤት ደብዳቤ አይጠብቅም።

ስትደውሉ የደንበኛ ቁጥራችሁን፣ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ቦታና ከእሱ ያለውን አቅጣጫ ንገሩ። ጥቆማችሁ የተመዘገበበት ቁጥር ካለ ጠይቁ፤ ከሌለ ሰዓቱንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። በኋላ «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት አሳውቀን ነበር» ብሎ መጻፍ ደብዳቤውን ያከብደዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የወደቀ ሽቦ «መብራት ስለሌለ ምንም አይልም» ብላችሁ አትንኩ። መብራቱ መቼ እንደሚመለስ አታውቁም።

ደረጃ 5፦ ደብዳቤውን ጻፉ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። መግቢያው ላይ ስለ አገር ልማት አትጻፉ፤ የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ቦታውንና ሥራውን ነው። በምሳሌ፦

ቀን ________
ለአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን
አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ የተደፈነ የዝናብ ውሃ ቱቦ እንዲጸዳልን ስለመጠየቅ
በ____ ክፍለ ከተማ ወረዳ ____ ከ____ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለው አስፋልት ግራ ጠርዝ፣ ከመታጠፊያው እስከ ድልድዩ 60 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቱቦ በደለልና በፕላስቲክ ተደፍኗል። ባለፈው ክረምት ውሃው ወደ ቤቶች ገብቷል። ፎቶና የቦታው ካርታ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ቱቦው ከክረምት በፊት እንዲጸዳልንና የሚወጣው ደለል በዕለቱ እንዲነሳልን እንጠይቃለን።
ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ
ግልባጭ፦ ለወረዳ ____ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

«የሚወጣው ደለል በዕለቱ እንዲነሳልን» የሚለውን አታውጡት። ደለል ተዝቆ ዲቹ ዳር ተከምሮ ሲቀር ሁላችንም አይተናል። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። ግልባጩም ለወግ አይደለም፤ ባለሥልጣኑ ወረዳውን ቢጠይቅ ወረዳው «አላውቅም» እንዳይል ነው።

ፎቶ ስታነሱ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ከሩቅ ይሁን። የሩቁ ላይ የታወቀ ሕንፃ ወይም የሱቅ ማስታወቂያ ይግባበት። ጭቃ ብቻ የሚታይበት ፎቶ የትም ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ ገቢ አስደርጉ

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱ እነሱ ጋ ይቀራል፤ በእናንተ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመቱ። ይህ ካልሆነ ደብዳቤው አልገባም ማለት ነው። ኃላፊው እጅ ላይ በግል መስጠት የሚያኮራ ይመስላል፤ ግን ኃላፊ ይዛወራል፣ መዝገብ ቤት አይዛወርም።

«ሲስተም የለም» ወይም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ቢባል ለመዝገብ ቤት ምክንያት አይሆንም። ገቢ ለማድረግ ኃላፊ አያስፈልግም። በትሕትና ይህንኑ ንገሯቸው።

ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ ለማን እንደተመራ ጠይቁ። የሥራ ክፍሉን ስም ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር አንብቡ፤ የየአገልግሎቱ የጊዜ ገደብ እዚያ ላይ አለ። ፎቶ አንሱት። በኋላ የምትከራከሩት በዚያ ነው።

ደረጃ 7፦ ወቅቱን ጠብቁ

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። አዲስ ሥራ፣ ማለትም ያልነበረ ቱቦ፣ ያልነበረ መብራት፣ አዲስ ኮብልስቶን የምትጠይቁ ከሆነ ጥያቄው ዕቅዱ ከመዘጋቱ በፊት መድረስ አለበት። ከጥር እስከ መጋቢት አስገቡት። ሐምሌ ላይ የሚገባ ጥያቄ «በዕቅድ አልተያዘም» ይባላል፤ መልሱም ሐሰት አይደለም።

ጥገና ግን በዕቅድ ውስጥ ላለ ነገር ስለሆነ በማንኛውም ወር ይጠየቃል። የቱቦ ጽዳት የካቲትና መጋቢት ላይ ጠይቁ። የአስፋልት ጉድጓድ በክረምት ቢደፈን ውሃ መልሶ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ «ለምን አትደፍኑም» ብላችሁ ጉልበት አትጨርሱ። ደብዳቤውን አስገብታችሁ ከመስቀል በኋላ ተከታተሉ።

ደረጃ 8፦ ካልተመለሰ ወደ ላይ ውጡ

በቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ደብዳቤው የተመራለት የሥራ ክፍል፣ ከዚያ የዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ዋናው ኃላፊ፣ ከዚያ የከተማ አስተዳደሩ ቅሬታ ሰሚ። ደረጃ ዘላችሁ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ብትደርሱ ደብዳቤው ተመርቶ እዚያው መነሻው ላይ ይመለሳል፤ ያተረፋችሁት የጠፋ ጊዜ ብቻ ነው።

መልሱ «ሰነዱ አይሰጥም» ወይም ዝምታ ከሆነ የመረጃ ነፃነት ሕጉን ተጠቀሙ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ለምሳሌ «ይህ መንገድ በዘንድሮው የጥገና ዕቅድ ውስጥ አለ ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ይህ ከአቤቱታ የተለየ ነው፤ መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ስለሆነ ማምለጫ የለውም። መሥሪያ ቤቱ በውስጥ አሠራሩ ካልፈታላችሁ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እዚያ ስትሄዱ ማህተም ያለባቸውን ኮፒዎች በሙሉ በቀን አስተካክላችሁ ያዙ። ያለ እነሱ የምትናገሩት ሁሉ ወሬ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

በስሙ ለሚያውቀው ሰው በስልክ ነግሮ «ይዣለሁ» የሚል መልስ ይዞ መቀመጥ። ያ ሰው በቅንነት ብሎት ይሆናል፤ ግን ቁጥር የሌለው ጉዳይ በዕቅድም በሪፖርትም አይታይም።

ብር አዋጥቶ «ለሠራተኞቹ ሻይ» መስጠት። ይህ ጉቦ ነው፤ ጉቦ ባይባል እንኳ ለሚቀጥለው ጊዜ ዋጋ መቁረጥ ነው። ሕጋዊ የማኅበረሰብ መዋጮ ካለ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

በራስ ጉልበት አስፋልት ቆርጦ ቱቦ መቅበር። የከተማው መንገድ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ቅጣቱ አንድ ነገር ነው፤ የውሃ ወይም የመብራት መስመር መበጠስ ግን ሰፈሩን በሙሉ ያቆማል፣ ሰውም ሊገድል ይችላል።

በቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ ለጥፎ እንደተመዘገበ መቁጠር። ለጎረቤት ማሳወቂያነት ጥሩ ነው። ደብዳቤ ግን አይተካም።

ሥራው ሲሠራ

አንድ ሰው በቦታው ይገኝ። ከመጀመራቸው በፊት የነበረውን፣ እየተሠራ ያለውንና ያለቀውን ፎቶ አንሱ። የተጠየቀው 60 ሜትር ሆኖ 20 ሜትር ተጠርጎ «ተጠናቋል» ተብሎ እንዳይዘጋ እዚያው ለኃላፊያቸው ንገሩ። መኪናው ከሄደ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው። ያለቀ ከሆነ አጭር የማረጋገጫ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ ለሠራተኞቹም ይጠቅማል፣ እናንተንም በበጎ ያስታውሷችኋል።

ክላሰሩን አትጣሉት። ለኮሚቴው ጸሐፊ አስረክቡት። ቱቦ በየዓመቱ ይደፈናል፤ የሚቀጥለው የካቲት ደብዳቤ «ቀደም ሲል በቁጥር ____ የጠየቅነውን ይመለከታል» ብሎ ነው የሚጀምረው።